ቀዩ ቁልፍ

«አሜሪካ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ለሚጠይቁኝ ዘመዶቼ እውነቱን ስነግራቸው አንድም ሰው አምኖኝ አያውቅም። ትምህርቱን ያምናሉ፤ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃውን፣ ታክሲውን፣ ሳህን አጠባውን ያምናሉ። «ሦስት ክረምት ሙሉ ሰው እያስጮህኩ ደመወዝ እበላ ነበር» ስላቸው ግን ይስቃሉ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስር ቤት ነው እንዴ የቀጠሩህ?» ብላኝ ነበር። ያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በሹክሹክታ የሚጠየቅበት ዘመን ነው።

የተቀጠርኩት መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የፓርኩን ስም ማንሣቱ ለማንም አይጠቅምም። ባልደረቦቼ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ ተብዬ ነበር።

ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነው። ልጆችን በቁመት መለኪያው ሥር ማቆም፤ ጭን ላይ የሚያርፈውን ብረት ወደ ታች መግፋት፣ ከዚያም መያዙን ለማረጋገጥ ወደ ላይ መሳብ፤ ወንበሩን ሁሉ አዳርሶ አውራ ጣትን ለጓደኛ ማሳየት። ጓደኛው ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ሰሌዳው ላይ በጣት የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴው ይለቃል፣ ቀዩ ያቆማል። ስለ አረንጓዴው ሩብ ሰዓት ያህል ተነገረን። ስለ ቀዩ የተነገረን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ካልጨነቀህ አትንካው»።

ልብ በሉ፣ ያኔ ሰዉ ሁሉ ስለ አደጋ ያወራ ነበር። እኔ ከመቀጠሬ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 11 ቀን፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ጃክሰን በሚባል ቦታ፣ በአንድ ስመ ጥር ፓርክ «ሆንትድ ካስል» የተባለው የሙት መንፈስ ቤት ተቃጥሎ 8 ወጣቶች አልቀዋል። ቤት ይባል እንጂ ከጭነት መኪና ተሳቢዎች የተገጣጠመ ጨለማ መተላለፊያ ነበር። ጭስ የሚያመለክት መሣሪያ አልነበረውም፤ እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ነገርም አልነበረውም። በዓመቱ ኩባንያው ለፍርድ ቀርቦ በነፃ ተሰናበተ። ሰው ሊደነግጥ የሄደው ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ በሚለው አጋንንት ነው። የገደለው ግን ማንም ልብ ያላለው ነገር ነበር፤ የጣሪያው ባዶነት።

በሁለተኛው ዓመቴ ወደ ሮለር ኮስተሩ አዛወሩኝ። ያልተሳፈራችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ባቡሩን ሰንሰለት ወይም ገመድ እየጎተተ ኮረብታ ጫፍ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። ሽቅብ ሲወጣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ያን ድምፅ ነው፤ ወንበሩን ጨብጦ ዓይኑን የሚጨፍነው እዚያ ላይ ነው። ያ ድምፅ ግን የመትረፊያው ድምፅ ነው። ከባቡሩ ሥር ምላስ የመሰለ ብረት አለ፤ ከሐዲዱ መካከል ደግሞ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ብረት ተዘርግቷል። ምላሱ አንዱን ጥርስ አልፎ ከኋላው ዝቅ ባለ ቁጥር ቀጭ ይላል። ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ምላሱ ጥርሱን ነክሶ ባቡሩን ባለበት ያቆመዋል። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ ድምፅ እንደ ቤት ሰዓት ሆነልኝ፤ ሲመታ አልሰማውም፣ ሲዘል ግን እነቃለሁ።

ድምፁ ባዶ ጌጥ እንዳልሆነ የለንደን ሰዎች ያውቁታል። ባተርሲ ፓርክ ውስጥ ከ1951 ጀምሮ የቆመ «ቢግ ዲፐር» የተባለ የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበር። ሜይ 30 ቀን 1972 ልጆች የጫነው ባቡር ኮረብታውን ሲወጣ ከሚጎትተው ገመድ ተላቀቀ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ሊይዘው የሚገባው መሣሪያ አልያዘውም። ባቡሩ የኋሊት ተንደረደረና ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጣ። 5 ልጆች ሞቱ፤ 13 ሰዎች ቆሰሉ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መዝናኛው በሙሉ ተዘጋ። ልጆቹን የገደላቸው ከፍታው አልነበረም፤ ፍጥነቱም አልነበረም። ገና ቁልቁለቱን አልጀመሩም ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰልፉ ተጠማዞ ከአይስክሬም መሸጫው ደርሷል። ሰሌዳው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ባቡሩ ኮረብታውን አጋምሷል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ከዚያ ዝምታ… ከዚያ ቀጭ። አንድ ምት ጎደለች። ሌላ ማንም አልሰማም። እጄ ቀዩ ላይ ነበር፤ ተጫንኩት።

ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ። ተሳፋሪዎቹን ከጎን ባለው ደረጃ እየደገፍን አንድ በአንድ አወረድናቸው። አንዲት ሴትዮ ተሳደበች፤ አንድ ሽማግሌ እጄን ጨበጠኝ። መካኒኩ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን አያወራም። ባትሪውን ይዞ ከሐዲዱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሲያይ፣ ሲነካካ፣ ሲያንኳኳ ቆየና ተነሣ። ምንም አላገኘም።

ኃላፊያችን ጥግ ጠራኝና በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ስንት ትኬት እንደሚቆረጥ አስረዳኝ። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ጽፎ ነበር የመጣው። በማግሥቱ የሕፃናት ታንኳ ላይ ተመደብኩ፤ ጥልቀቱ ከጉልበት በታች በሆነ ኩሬ ውስጥ የሚዞሩ ዳክዬ የመሰሉ ታንኳዎች ናቸው። እንኳን ቀይ ቁልፍ፣ አረንጓዴም አልነበራቸው።

መካኒኩ በምሳ ሰዓት ፈልጎ መጣ። «ድምፁን አሰማኝ» አለኝ። በአፌ አሰማሁት፤ ባልደረቦቼ እየሳቁብኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩለት። ራሱን ነቀነቀ። በሥራው ላይ በቆየበት ዘመን ድምፅ ሰምቶ ሰባት ጊዜ እንዳስቆመ ነገረኝ። ከሰባቱ አንዱን ቀን አንድ ነገር አግኝቷል፤ የተሰነጠቀ ፒን። ውፍረቱን በጣቱ አሳየኝ።

«ስድስቱን ቀንስ?» አልኩት።

«ስድስቱን ቀን ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ» አለኝ።

ያን ቁልፍ በመጫኔ እስከ ዛሬ ለአንዲት ደቂቃ ተጸጽቼ አላውቅም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሮለር ኮስተር ላይ የሚቆም ልጅ ሁሉ የእኔን ታሪክ ሰምቷል፤ «ኢትዮጵያዊው አቁሞ ዳክዬ ላይ ተመደበ» ተብሎ። ቀጥሎ ድምፅ ሲጎድል የሰማ ልጅ ካለ እጁ ምን ያህል እንደሚያመነታ አስቡት። ፓርኩ ያን ቅዳሜ ያዳነው ትኬት ነው፤ የከፈለበት ዋጋ ግን በኃላፊያችን ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

አገሬ ከገባሁ በኋላም ስለ እነዚህ አደጋዎች የወጣ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም፤ ሱስ ሆኖብኛል። ባነበብኩ ቁጥር ያው ቀይ ቁልፍ በሌላ መልክ ይመጣብኛል።

እንግሊዝ አገር አልተን ታወርስ በተባለው ፓርክ ጁን 2 ቀን 2015 የደረሰውን ውሰዱ። «ስማይለር» የተባለው ሮለር ኮስተር በኮምፒዩተር ይጠበቃል። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈልና በአንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ካለ ሌላው እንዳይገባ ኮምፒዩተሩ ያግደዋል፤ አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ ድልድይ ማለት ነው። ያን ዕለት ለሙከራ የተላከ ባዶ ባቡር አንዱን ጥምዝ መውጣት አቅቶት ሐዲዱ ላይ ቀርቷል። ኮምፒዩተሩም ሰው የጫነውን ባቡር አቆመው። ሥራውን በትክክል ሠራ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ግን ባዶውን ባቡር አላዩትም፤ የኮምፒዩተር ስህተት መሰላቸው። እገዳውን ሽረው ባቡሩን ለቀቁት። 16 ሰዎች የተሳፈሩበት ባቡር ከባዶው ጋር ተላተመ። የሞተ የለም፤ ሁለት ወጣት ሴቶች ግን እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጥተዋል። ኩባንያው በ2016 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የእኔ ኃላፊ ያላመነው የአንድ ጥቁር ተማሪ ጆሮ ነው፤ እነዚህኞቹ ያላመኑት በሚሊዮኖች የገዙትን የራሳቸውን ማሽን ነው። ሰው ሰልፍ ሲረዝምበት ማንንም አያምንም።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የአውስትራሊያው ነው። ጎልድ ኮስት በተባለው የባሕር ዳር ከተማ «ድሪምወርልድ» የሚባል ፓርክ አለ። እዚያ ከ1986 ጀምሮ የሚሠራ የወንዝ ጨዋታ ነበር፤ ስድስት ስድስት ሰው የሚይዙ ክብ ታንኳዎች በሰው ሠራሽ ወንዝ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የእንጨት ማጓጓዣ ቀበቶ ከውኃው ያወጣቸውና ወደ መውረጃው ያደርሳቸዋል። የሚያስፈራ ነገር የለውም። አያት ከልጅ ልጁ ጋር የሚሳፈርበት ዓይነት ነው። የፓርኩ ሰዎች ራሳቸው ረጋ ካሉት መካከል ነበር የሚቆጥሩት።

ኦክቶበር 25 ቀን 2016 ከሰዓት በኋላ ውኃውን ከሚገፉት ሁለት ግዙፍ ፓምፖች አንዱ ቆመ። በዚያው ቀን ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ቆሞ ነበር፤ አስነሥተውት ነው ሥራው የቀጠለው። ፓምፑ ሲቆም ውኃው ወዲያው ይጎድላል። የውኃውን መጠን የሚለካ፣ ሲጎድልም ሁሉን ነገር የሚያስቆም መሣሪያ አልተገጠመም። ሠራተኞቹ ውኃው መጉደሉን የሚያውቁት ግድግዳው ላይ ከቀረው የአረፋና የእድፍ መስመር ነው። ባዶ ታንኳ ውኃው ሲሸሽ ብረቱ ላይ ተቀመጠ። ማጓጓዣው ቀበቶ ግን አልቆመም፤ ስድስት ሰው የያዘውን ሌላ ታንኳ አምጥቶ ከተቀመጠው ጋር አጋጨው። ታንኳው ሽቅብ ቆመ። አራት አዋቂዎች ቀበቶውና ብረቱ መካከል ገብተው ሞቱ። አብረዋቸው የነበሩት ሁለት ልጆች በተአምር ተረፉ።

የሞት ምክንያት መርማሪው ሪፖርቱን በ2020 ሲያወጣ ብዙ ጉድ ተገለጠ። በ2001 በዚያው ቦታ ባዶ ታንኳዎች ተጋጭተው አንዱ ተገልብጦ ነበር። በ2014ም ታንኳዎች ተጋጭተው ነበር፤ ያን ጊዜ የተወሰደው እርምጃ ሠራተኛውን ማባረር ነው። ኩባንያው በመጨረሻ 3.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ።

እኔን የያዘኝ ግን አንዲት ነገር ናት። መውረጃው ዘንድ ማጓጓዣውን በሁለት ሴኮንድ ገደማ የሚያቆም የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ነበር። ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ማቆሚያ ግን ቀበቶውን ለማቆም ብዙ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። ሁለት ሴኮንዱ ቁልፍ አጠገብ የቆመችው ወጣት በዚያ ጨዋታ ላይ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ የሠለጠነችውም ያን ዕለት ጠዋት ነው። ስለ ቁልፉ የተነገራት ማንም ስለማይጠቀምበት እንዳታስብበት እንደሆነ ለምርመራው ቃሏን ሰጥታለች። መርማሪው ጥፋቱን በእሷም ሆነ በባልደረባዋ ላይ አልጣለም፤ የጣለው ለሠላሳ ዓመት አደጋውን ሳያጠና በቆየው ድርጅት ላይ ነው። ይህን ባነበብኩ ማታ ያቺ «ካልጨነቀህ አትንካው» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ስትጮኽ አደረች። ባሕሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ ሥልጠናው ያው።

መቼም ሁሉም አደጋ በአንድ ቁልፍ ይመለሳል ብዬ የምናገር ሞኝ አይደለሁም። ኦሃዮ ውስጥ በ2017 በክፍለ ግዛቱ ባዛር ላይ «ፋየር ቦል» የተባለው ተወዛዋዥ መጫወቻ ያን ዕለት ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ነው ክንዱ የተሰበረው። ብረቱን ዝገት የበላው ከውስጥ ነበር፤ ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ። ካንሳስ ውስጥ ደግሞ 51 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ሽርተቴ ተሠርቶ ስሙን «ፌሩክት» አሉት፤ በጀርመንኛ ዕብድ ማለት ነው። ዋና ነዳፊዎቹ የምህንድስና ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ገና በሙከራው ጊዜ ጀልባው ከሽርተቴው ላይ ይነሣ ነበር። በ2016 አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሞተበት፤ የክፍለ ግዛቱ የቁጥጥር ሕግ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ኦርላንዶ ላይ በ2022 ከማማ የወደቀው የ14 ዓመት ልጅ ነገርማ ይብሳል። የትከሻ መያዣው በቅጡ ካልተዘጋ ማማው እንዳይነሣ የሚከለክል ጠቋሚ ነበረው። የዚያን ወንበር ጠቋሚ ግን ሰው በእጁ አላልቶታል፤ ትልቅ ሰውነት ላለው ሰው እንዲበቃ ተብሎ። ስለዚህ መያዣው ከልክ በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ መብራቱ አረንጓዴ በራ። ኦፕሬተሩ ያየው አረንጓዴ መብራት ነው።

አሜሪካኖቹ በዚህ በኩል አንድ አስገራሚ ሕግ አላቸው። ከ1981 ጀምሮ የፌዴራሉ የሸማቾች ደህንነት ተቋም ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞረውን ባዛር መጫወቻ መቆጣጠር ይችላል፤ በአንድ ቦታ የተተከለውን ትልቅ ፓርክ ግን አይችልም። እሱ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሕግ መማር ያሻል፤ እኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው።

ሒሳብ ካነሣሁ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሞተው ሰው ፓርኩ ውስጥ ከሚሞተው እጅግ ይበልጣል። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጮኾ፣ ስቆ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጆቻችሁን ከልክሉ የምል ሰው አይደለሁም። እኔም የልጅ ልጄን እወስዳለሁ።

አዲስ አበባም እንግዲህ ዘመኗ መጥቷል። በእኔ ልጅነት መጫወቻ ማለት የዛፍ ዥዋዥዌ ነበር፤ ገመዱ ቢበጠስ ጥርስ ይሰበራል እንጂ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ዛሬ በየገበያ ማዕከሉ ፎቅ ላይ፣ በየበዓሉ ባዛር የሚሽከረከር፣ የሚወዛወዝ፣ የሚነፋ ነገር ሞልቷል። ይህን ሳይ የሚታወሰኝ የአውስትራሊያው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቀበቶው አብሮ አልቆመም። በአግባቡ የተሠራ መጫወቻ እንደ ከባድ መኪና ፍሬን ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ አንባቢ ይመስክርልኝ፣ አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ ይነክሳል እንጂ አይለቅም። ኃይል ሲጠፋ የሚይዝ እንጂ ኃይል ሲጠፋ የሚለቅ ነገር ላይ ልጅ አይሰቀልም። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ከተማ ይህ ጥያቄ ከትኬቱ ዋጋ በፊት የሚጠየቅ ነው።

ባለፈው የበዓል ሰሞን የልጅ ልጄ አንድ ባዛር ላይ አነስ ያለች ተሽከርካሪ መንኰራኵር አይታ እጄን ጎተተች። ሰሌዳው ፊት የቆመው ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሯል። ልጆቹን ሲያሳፍር አየሁት። እያንዳንዱን በር ዘግቶ መልሶ ይስበዋል። ማንም አላየውም፤ ግን ይስበዋል።

«የኔ ልጅ፣ መብራት ቢሄድስ?» አልኩት።

«ራሱ ይይዛል፣ ፋዘር። ከዚያ በዚች በእጅ እያዞርን አንድ በአንድ እናወርዳቸዋለን» ብሎ መዘወሪያውን አሳየኝ። ዘይት ጠጥቷል፤ አቧራ አልነበረበትም።

«ይኼን ቀዩን ተጭነኸው ታውቃለህ?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «አንዴ። አንዲት ሕፃን ላይ ሆና መቆም ጀመረች፤ አቆምኩት።»

«ባለቤቱ ምን አለህ?»

«ስንት ዙር ቀርቶ ነበር አለኝ። ሁለት ስለው የሁለቱን ዙር ሒሳብ ከኔ ላይ ያዘ።»

«ሌላ ቀን ብትቆምስ?»

የማይገባ ነገር የጠየቅሁት ይመስል አየኝ። «አቆማለኋ! ልጅ ናት እኮ፣ ፋዘር።»

የልጅ ልጄ እጅጌዬን እየሳበች ነበር። ትኬቱን ቆረጥኩና በየትኞቹ ቀኖች እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ከማክሰኞ በቀር ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ አለኝ። ባዛሩ እስኪዘጋ አራት ጊዜ ወሰድኳት፤ አንዱም ማክሰኞ አልነበረም።